700 ምልክት አውቃለሁ፤ ሲያወሩኝ ግን አይገባኝም

ጥያቄ፦ «የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ከስምንት ወር በፊት አንዲት መስማትና መናገር የተሳናት ተማሪ እኛ ክፍል ስለገባች ምልክት ቋንቋ መማር ጀመርኩ። ከቪዲዮና ከመዝገበ ቃላት እየለቀምኩ ወደ 700 የሚሆኑ ምልክቶች ይዣለሁ፤ የጣት ፊደሉንም በፍጥነት እሠራለሁ። እኔ የምለውን ትረዳኛለች። እሷ ስታወራኝ ግን፣ በተለይ ከጓደኞቿ ጋር ስትሆን፣ ምንም አልይዝም። አንዷ ጓደኛዋ ደግሞ ‹ፊትሽ ሞቷል› አለችኝ፤ በጣም ከፋኝ። ስንት ቃል ብጨምር ነው የምረዳው? ወይስ ዕድሜዬ አልፏል? ለምንስ ዓለም ሁሉ አንድ ምልክት ቋንቋ አይጠቀምም? በሚቀጥለው ሳምንት ሐኪም ጋ ቀጠሮ ስላላት እንዳስተረጉምላት ጠይቃኛለች። ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ? ይምከሩኝ።»

ምላሽ፦

የጎደለሽ ቃል አይደለም። 700 ምልክት ለስምንት ወር ቢበዛ እንጂ አያንስም፤ ሌላ 700 ብትጨምሪበትም ጓደኞቿ ወሬ ሲይዙ የሚታይሽ ያው የእጅ ወጀብ ነው። ችግሩ ምልክቶቹን የያዝሽበት መንገድና ሲያወሩሽ ዓይንሽ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ሁለቱም ይስተካከላሉ።

መጀመሪያ ግን «መናገር የተሳናት» ያልሽውን እናንሳ። ብዙ ሰው እንዲህ ይላል፤ ስህተት ነው። መስማት የተሳነው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ምላሱም ጉሮሮውም ጤነኛ ነው። በድምፅ መናገር የሚከብደው የራሱን ድምፅ እየሰማ ማረም ስለማይችል ነው፤ በድምፅ የሚናገሩም አሉ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ጓደኛሽ ቀኑን ሙሉ ስትናገር ነው የምትውለው። በእጇ፣ በፊቷ፣ በትከሻዋ ትናገራለች። «መናገር ተስኗታል» ስትዪ እጇ የሚሠራው ነገር ንግግር ሳይሆን የንግግር ምትክ ነው ማለትሽ ነው። ይህን ያነሳሁት ለጨዋነት ብቻ ብዬ አይደለም፤ የመማር ችግርሽም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ምልክቱን የአማርኛ ምትክ አድርገሽ፣ ለእያንዳንዱ የአማርኛ ቃል አንድ አንድ የእጅ ሥራ እየመደብሽ ነው የያዝሽው።

እንዲህ በማሰብ የመጀመሪያዋ አይደለሽም። የቋንቋ ሊቃውንቱ ራሳቸው ለረጅም ጊዜ ምልክትን እንደ ጥቅሻና እንደ ድራማ ነበር የሚቆጥሩት። እ.ኤ.አ. በ1960 ዋሽንግተን ባለው፣ መስማት የተሳናቸው በሚማሩበት ጋሎዴት ኮሌጅ እንግሊዝኛ ያስተምር የነበረው ዊልያም ስቶኪ፣ አንድ ምልክት እንደ ቃል ከትናንሽ ክፍሎች የተገጣጠመ መሆኑን አሳየ፤ የእጅ ቅርጽ፣ እጁ የሚያርፍበት ቦታና እንቅስቃሴው። ሌሎች ተመራማሪዎች በኋላ የመዳፉን አቅጣጫ ጨመሩበት። በአማርኛ «በራ» እና «መራ» በአንድ ድምፅ ብቻ ይለያያሉ አይደል? በአሜሪካ ምልክት ቋንቋም አምስቱ ጣቶች ተዘርግተው አውራ ጣት ግንባር ላይ ሲያርፍ «አባት»፣ ያው እጅ አገጭ ላይ ሲያርፍ «እናት» ነው። አንድ ስንዝር በማይሞላ ርቀት አባት እናት ይሆናል።

ከተማሪዎቼ እንደማየው ቦታው ቶሎ ይያዛል፤ የእጅ ቅርጹ ይከተላል፤ እንቅስቃሴው ከሁሉ ዘግይቶ ይመጣል። በብዛት የሚበላሹት ደግሞ የሚከብዱት ምልክቶች ሳይሆኑ ሥዕል የሚመስሉት፣ አንዴ ታይተው የሚያዙት ናቸው። «መጠጣት»ን አስተምሬ ሥሯት ስል አንዱ በሁለት ጣት ቆንጥሮ ያነሳል፣ ሌላው እንደ ጆግ ጨብጦ ያነሳል፣ ሦስተኛዋ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ትጨልጣለች። ሦስቱም ጠጥተዋል፤ ቃሉን ያለ ግን የለም። ትርጉሙ ስለገባቸው ቅርጹን በትክክል ማየት ትተዋል። ከ700ዎቹ ምልክቶችሽ ውስጥ «ይቺ ቀላል ናት» ብለሽ ያለፍሻቸውን እንደገና ፈትሺ።

ወደ ዋናው ልግባ። ሲያወሩሽ የት ነው የምታዪው? እጃቸውን ከሆነ፣ እንዳትረዪ ያደረገሽ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በምልክት ቋንቋ ያደገ ሰው የሚያየው የተናጋሪውን ፊት ነው፤ ዓይኑ የሚያርፈው ዓይን አካባቢ ነው። እጁን የሚከታተለው በዓይኑ ጠርዝ ነው። ጀማሪ ግን ወይ አፍ ላይ ያፈጣል ወይ እጅ ያሳድዳል። እጅ ስታሳድጂ ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ነሽ፤ እጁ ሄዶ ነው የምትደርሺበት፤ ፊቱ የተናገረው ደግሞ ሙሉ በሙሉ ያመልጥሻል። ቋንቋዎቹ ራሳቸው ለዚህ አስተያየት ተመቻችተው የተሠሩ ይመስላሉ። በጣት አቀማመጥ ትንሽ ልዩነት የሚለያዩ ምልክቶች ፊት አጠገብ ይበዛሉ። ደረትና ሆድ አካባቢ የሚሠሩት ብዙውን ጊዜ ሰፋ ያሉና ሁለቱ እጆች አንድ ዓይነት ነገር የሚሠሩባቸው ናቸው፤ በዓይን ጠርዝም ይለያሉ። ፊት እያዩ መከታተል መጀመሪያ ላይ እንደ መስጠም ነው፤ ለሁለት ሦስት ሳምንት የምትረጂው ጭራሽ ይቀንሳል። ተይው፣ ይቀንስ።

«ፊትሽ ሞቷል» ያለችሽ ልጅ አልሰደበችሽም። አስተማሪ ከፍለሽ የምታገኚውን እርማት በነፃ ሰጥታሻለች። «መጣ።» እና «መጣ?» የሚሉትን በድምፅ በዪያቸው። ቃሉ አንድ ነው፤ ጥያቄ ያደረገው የድምፅሽ መነሳት ነው። በአሜሪካና በብሪታንያ ምልክት ቋንቋዎች፣ በሌሎችም ብዙ ቋንቋዎች፣ ይህን ሥራ የሚሠራው ቅንድብ ነው። «ቤት ሄደ» በተረጋጋ ፊት ከሆነ ወሬ ነው፤ ቅንድብ ወደ ላይ ከተነሳ «ቤት ሄደ ወይ?» ነው፤ ራስ ግራና ቀኝ ከተነቀነቀ «ቤት አልሄደም» ሊሆን ይችላል፤ እጆቹ ግን ከሦስቱ በአንዱም አልተቀየሩም። «ማን»፣ «የት»፣ «ለምን» ሲጠየቅ በነዚሁ ቋንቋዎች ቅንድብ ይኮሳተራል። ጉንጭና ከንፈር ደግሞ «በቀላሉ» ወይም «እየተጨነቀ»፣ «ቀጭን» ወይም «ወፍራም» የሚለውን ይሸከማሉ። እንግዲህ በሞተ ፊት የምትናገሪ ሰው ጥያቄሽም፣ «አይደለም» ማለትሽም፣ መግለጫሽም በአንድ ወጥ ድምፅ ይወጣል። አሥር ደቂቃ እንደዚያ የሚያወራሽን ሰው አስቢው። ፊትን ማንቀሳቀስ ብዙ ሰሚ ተማሪ ያሳፍረዋል፤ ትወና ይመስለዋል። ትወና ሳይሆን ሰዋስው ነው። ያለቦታው ቅንድብ ማንሳትም ዓረፍተ ነገር ያበላሻል።

ከሁሉ በላይ ልታተኩሪበት የሚገባው ግን ቦታን መጠቀም ነው፤ ምክንያቱም መዝገበ ቃላት ውስጥ አታገኚውም። የአማርኛ ተናጋሪ በመሆንሽ እዚህ ላይ ሳታውቂው የምትቀድሚበት ነገር አለ። «ሰጠኋት» የሚለውን ቃል ተመልከቺው፤ ማን እንደሰጠ፣ ለማን እንደሰጠ ሁሉም በአንድ ግሥ ውስጥ ነው። «ሰጠችኝ» ስትዪ አቅጣጫው ይገለበጣል። ብዙ ምልክት ቋንቋዎችም እንደዚሁ ያደርጋሉ፤ ልዩነቱ አቅጣጫው የእውነት አቅጣጫ መሆኑ ነው። እጁ ከእኔ ተነስቶ እሷ ወዳለችበት ከሄደ «ሰጠኋት»፣ ከእሷ ተነስቶ ወደ እኔ ከመጣ «ሰጠችኝ»። አጠገባችን የሌለ ሰው ከሆነ መጀመሪያ ስሙ ይጠራና አየሩ ላይ አንድ ቦታ ይሰጠዋል፤ በስተቀኝ እናስቀምጠው እንበል። ከዚያ በኋላ ስሙ አይደገምም፤ ያቺ ቦታ እሱ ናት። አንቺ ይህን ካላወቅሽ የምታዪው እጅ ወደ ባዶ አየር ሲሄድና ሲመለስ ነው።

አንድ ምሳሌ በቅርበት ላሳይሽ። አንዲት ልጅ ያየችውን የመኪና አደጋ ለጓደኞቿ ትነግራለች እንበል። «ዛፍ» ትልና የግራ ክንዷን አቁማ ትተወዋለች፤ ከዚህ በኋላ ያ ክንድ ዛፉ ነው፣ እስክትጨርስ አይወርድም። «መኪና» ትላለች፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ቀጥሎ ቀኝ እጇ መኪናውን የሚወክለውን ቅርጽ ይይዛል፤ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ጉንጯ ትንሽ ተነፍቶ ዓይኖቿ ግድ የለሽ ይሆናሉ፤ ሾፌሩ ተዝናንቷል ማለት ነው። በድንገት ትከሻዋ ይጠብቃል፣ እጁ ግራ ቀኝ ይንሸራተታል፣ ዓይኗ ይፈጣል፤ ሾፌሩ ሆናለች። እጁ ክንዷን ነክቶ ይቆማል። አለቀ። ከመዝገበ ቃላት የተወሰደው ሁለት ቃል ነው፤ ዛፍና መኪና። «ተንሸራተተ»ም፣ «ተጋጨ»ም፣ «ደነገጠ»ም ብለሽ የሸመደድሻቸው ምልክቶች አልመጡም። አንቺ ደግሞ ዳር ቆመሽ የምታውቂያቸውን 700 ምልክቶች ትጠብቂያለሽ። ጓደኞቿ ሲያወሩ የሚያመልጥሽ አብዛኛው ነገር እንዲህ ያለ ነው።

«በጣም ይፈጥናሉ» የሚለው የጀማሪ ቅሬታም ከዚሁ ይመጣል። እጅ ከምላስ ይከብዳል፤ ኧርሱላ ቤሉጂና ሱዛን ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ጥናት አንድ ምልክት ለመሥራት አንድ ቃል ለመናገር ከሚወስደው ጊዜ እጥፍ ገደማ እንደሚወስድ ለክተዋል። ሆኖም አንድ ሙሉ ሐሳብ ለመግለጽ የሚፈጀው ጊዜ በሁለቱም እኩል ሆኖ ነው ያገኙት። ፊት፣ ቦታና ሁለት እጅ በአንድ ጊዜ ስለሚሠሩ የቃሉ ዝግታ ይካካሳል። ስለዚህ የሚፈጥነው እጁ አይደለም። ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ እየመጣ አንቺ አንዱን ብቻ ስለምታዪ ነው።

«እኔ የምለውን ትረዳኛለች» ማለትሽን እጠራጠረዋለሁ። ትረዳሽ ይሆናል፤ ግን የምትረዳሽ አማርኛ ማንበብና መጻፍ ስለምታውቅ፣ ቃል በቃል የምትደረድሪውን በውስጧ አስተካክላ ስለምታነብሽ፣ ከዚያም በላይ ስለምትወድሽ ይመስለኛል። የውጭ አገር ሰው «እኔ ነገ ሄደ ቤት» ሲለን ገብቶን የለ? አንቺን ስታወራም እንደዚሁ ታቃልልልሻለች፤ ከጓደኞቿ ጋር ስትሆን ወደ ራሷ ቋንቋ ትመለሳለች። ሳልጠይቅሽ የምገምተው ሌላ ነገር አለ፤ ምልክት ስታሳዪ በድምፅም ታወሪያለሽ። አቁሚ። ሁለት ቋንቋ በአንድ አፍታ መናገር አይቻልም፤ አንዱ ሌላውን ይጎትታል፣ ተጎታቹም ሁልጊዜ አዲሱ ነው። ድምፅሽ ሲወጣ እጅሽ የአማርኛን ቅደም ተከተል ይይዛል፣ ፊትሽ ይረሳል፣ ቦታ የሚባል ነገር ይጠፋል። «ከንፈሬን ታንብብልኝ ብዬ ነው» እንዳትዪኝ። ቅድም ያነሳናቸውን «በራ» እና «መራ» መስታወት ፊት ቆመሽ ያለ ድምፅ በያቸው፤ ከንፈርሽ ላይ አንድ ናቸው። «በረረ» እና «መረረ»ም እንደዚያው። ጉሮሮ አካባቢ የሚፈጠሩት ድምፆች ደግሞ ከናካቴው አይታዩም። ከንፈር ማንበብ ግማሹን በግምት መሙላት ነው፤ ጓደኛሽ ሙሉ ቋንቋ እያላት ለአንቺ ስትል መገመት የለባትም።

የጣት ፊደል መፍጠንሽ ጥሩ ነው፤ አትመኪበት። ለሰው ስም፣ ለቦታ ስም፣ ምልክት ለሌለው ቃል ነው። የግዕዝ ፊደልን በጣት የሚያሳየው ሥርዓት የሚገርም ነው፤ የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን ሲይዝ እንቅስቃሴው ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን አናባቢ ይነግራል። ልክ ፊደሉ ራሱ «በ፣ ቡ፣ ቢ» እያለ በትንሽ ቅጥያ እንደሚለዋወጠው። ስታነቢው ግን ፊደል በፊደል አትቁጠሪ። «ትምህርት» የሚለውን በወረቀት ስታዪ «ት፣ ም፣ ህ» ብለሽ አታነቢም፤ የቃሉን መልክ ነው የምታዪው። በጣትም እንዲሁ ነው።

ዓለም ለምን አንድ ምልክት ቋንቋ የለውም ብለሻል። አንድ የንግግር ቋንቋ በሌለው ምክንያት ነው። የዓለም መስማት የተሳናቸው ፌዴሬሽን ከ300 በላይ ምልክት ቋንቋዎች እንዳሉ ይናገራል። ማንም ተቀምጦ አልፈጠራቸውም፤ መስማት የተሳናቸው ሰዎች በተሰባሰቡበት ይበቅላሉ። ኒካራጓ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መስማት የተሳናቸው ልጆች ማናጓ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ተሰበሰቡ፤ አስተማሪዎቹ ከንፈር ማንበብና እስፓኒሽ ሊያስተምሯቸው ሲደክሙ ልጆቹ በጨዋታ ሜዳና በአውቶቡስ ውስጥ የራሳቸውን ቋንቋ አበቀሉ፤ ከኋላ የመጡት ትናንሾቹ ደግሞ ሰዋስዉን አጠናከሩት፣ አበለጸጉት። የዘር ግንዱም ከንግግር ቋንቋው ጋር አይሄድም። አሜሪካና ብሪታንያ ሁለቱም እንግሊዝኛ ይናገራሉ፤ ምልክት ቋንቋዎቻቸው ግን አይግባቡም። የአሜሪካው ዝምድና ከፈረንሳይ ጋር ነው፤ መስማት የተሳነው ፈረንሳዊ አስተማሪ ሎራን ክሌር እ.ኤ.አ. በ1816 አትላንቲክን ተሻግሮ በማግስቱ ዓመት አሜሪካ ሃርትፎርድ ውስጥ መስማት ለተሳናቸው በተከፈተው ትምህርት ቤት ስላስተማረ። ሥዕል የሚመስሉት ምልክቶች እንኳ አንድ አይደሉም። ለ«ዛፍ» አሜሪካዊው ክንዱን አቁሞ ጣቶቹን ይዘረጋል፣ የዴንማርኩ በሁለት እጁ ቅርንጫፉንና ግንዱን ይስላል፣ ቻይናዊው ግንዱን እንዳቀፈ አድርጎ ወደ ላይ ይወጣል። በትልልቅ ስብሰባዎች የሚታየው ዓለም አቀፍ ምልክት የሚባለው መግባቢያ ነው እንጂ የማንም የአፍ መፍቻ አይደለም።

ይህ ለአንቺ የታሪክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። «ከቪዲዮ እየለቀምኩ» ብለሻል። የየትኛው አገር ቪዲዮ? በኢንተርኔት የሞላው የአሜሪካ ምልክት ነው፤ ከ700ዎቹ ውስጥ ስንቱ የጓደኛሽ ቋንቋ እንዳልሆነ አንድ ከሰዓት አብራችሁ ተቀምጣችሁ ለዩት። አንዳንዱን «እኛ እንዲህ አንልም» ትልሻለች፤ ሁለት ሰው ሁለት ዓይነት ምልክት ቢያሳይሽም አትከራከሪ፤ በትምህርት ቤትና በዕድሜ የሚለያይ ቃል በየቋንቋው አለ። ለዚህም ታሪክ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1880 ጣሊያን ሚላን ላይ የተሰበሰቡ፣ መስማት የተሳናቸውን የሚያስተምሩ መምህራን ትምህርት በንግግር ብቻ እንዲሆን ከወሰኑ በኋላ በብዙ አገር ምልክት ከክፍል ወጥቶ ለብዙ አሥርት ዓመታት በመኝታ ክፍልና በጓሮ ነበር ከልጅ ወደ ልጅ የተላለፈው።

ዕድሜሽ አላለፈም። ዕድሜ የሚወስነው የመጀመሪያ ቋንቋን ነው፤ ሕፃን ያለ ምንም ቋንቋ ዓመታት ካለፉበት ጉዳቱ ከባድ ነው፤ ለዚህም ነው መስማት የተሳነው ልጅ ያለው ወላጅ «መጀመሪያ ንግግሩን እንሞክር፣ ምልክቱ ይደርሳል» ሲለኝ የምቆጣው። አንቺ ቋንቋ አለሽ፤ ሁለተኛ ነው የምትጨምሪው። ደግሞም መስማት ከተሳናቸው ልጆች ከ90 በመቶ በላይ የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ስለሆነ፣ ከጓደኛሽ ጓደኞች ብዙዎቹ ቋንቋውን ያገኙት ከእናታቸው ጉልበት ላይ ሳይሆን ከትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል። የጀማሪን ድካም ያውቁታል።

ምን ታድርጊ? ለሦስት ወር አዲስ ቃል አትያዢ። ይህን በጥብቅ ነው የምልሽ፤ ቃል መቁጠር ያረካል፣ ያም ነው አደጋው። መስማት የተሳናት ወይም የተሳነው፣ ማስተማር የሚችል ሰው ፈልጊና በሳምንት ሁለት ጊዜ ድምፅ ሳይወጣ ተማሪ። ጓደኛሽን ነፃ አስተማሪ አታድርጊያት፤ ማስተማር ሥራ ነው፣ ጓደኝነታችሁንም ያደክመዋል። እንደዚህ ያለ ሰው በአቅራቢያሽ ከሌለ ቪዲዮ ሁለተኛ ምርጫ ነው፤ የቃል ዝርዝር ሳይሆን ሰው ታሪክ ሲያወራ የሚያሳየውን ምረጪ። አንድ ደቂቃውን ሳታቋርጪ እዪው፤ መጀመሪያ ማን የት ቦታ እንደተቀመጠ ብቻ፣ ሁለተኛ ጊዜ ቅንድቡን ብቻ፣ ሦስተኛ ጊዜ ሁሉንም። ቃል ባመለጠሽ ቁጥር አታቁሚው። ራስሽንም ቅረጪ፤ ያንኑ ታሪክ ተናግረሽ ድምፁ በጠፋ ስልክ ተመልከቺው፤ ማየት ያማል፣ ግን ፊትሽ የት ላይ እንደሞተ በዓይንሽ ታገኚዋለሽ። ምልክት ተርጓሚ ጓንት፣ መተግበሪያ እያሉ ለሚያወሩሽ ጆሮ አትስጪ፤ ጓንት ቅንድብ አያይም።

በዚህ መንገድ፣ ከሰዎቹ ጋር በየሳምንቱ እየዋልሽ፣ ከአንድ ሰው ጋር ተዝናንቶ ለመጫወት ሁለት ዓመት ገደማ ያዢ። ከአራትና አምስት ሰዎች ወሬ መሃል ለመግባት ከዚያም ይረዝማል፤ ብዙ ተማሪ የሚያኮርፈው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ልማድ ግን ዛሬውኑ ተዪ፤ ሳይገባሽ በአዎንታ ራስ መነቅነቅን። እኔ ጀማሪ ሳለሁ አንድ አዛውንት ረዘም ያለ ታሪክ ሲነግሩኝ እስከ መጨረሻው ነቀነቅኩ፤ ጨርሰው ዝም ብለው አዩኝ። መልስ ይጠብቁ ነበር። ለካ የመጨረሻው ጥያቄ ነበር፤ ቅንድባቸው ተነስቶ እንደቀረ እንኳ አላስተዋልኩም። እጃቸውን አውርደው ወደ ሌላ ሰው ዞሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «አልገባኝም፣ ከዚህ ይድገሙልኝ» የሚለውን ከማንኛውም ምልክት ቀድሜ አስተምራለሁ። የገባሽን መልሰሽ ንገሪያቸው፤ የሳትሺውን ያኔ ያቀኑልሻል።

የሐኪም ቀጠሮውን በተመለከተ፣ አስተርጓሚ ሆነሽ አትሂጂ። ድካምሽ ያለው እሷ የምትለውን መረዳቱ ላይ ነው፤ ሐኪም ፊት ደግሞ ዋናው ነገር እሷ የምትለው ነው። ሕመሙ የት እንደሚጀምር፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ ሲመጣ እንዴት እንደሆነ የምትነግረው ቅድም ባልኩሽ በቦታና በፊት ቋንቋ ነው። የገባሽን ግማሽ ትናገሪያለሽ፣ ሐኪሙም እሷ እንዳለችው አድርጎ ይጽፈዋል። በመልሱም «በየስምንት ሰዓቱ» እና «ለስምንት ቀን» መሃል አንድ የእጅ ስህተት ነው ያለው። ከዚህ ሌላ የክፍል ጓደኛዋ ነሽ፤ አንቺ ፊት የማትናገረው ሕመም ሊኖራት ይችላል። ሙያው ያላቸው እንኳ ሥራው ሲረዝም በየ20 ወይም 30 ደቂቃው ይቀያየራሉ፤ አእምሮ ይደክማል። የማይችል ሰው ሲቆም ምን እንደሚሆን ዓለም እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 10 ቀን 2013 ጆሃንስበርግ ላይ አይቷል፤ በኔልሰን ማንዴላ መታሰቢያ ላይ መሪዎች ሲናገሩ መድረኩ ላይ አጠገባቸው የቆመው ሰው የሚያሳየው ምልክት ትርጉም አልነበረውም፤ በቦታው የነበረው ሰሚ ሕዝብ አላወቀም፤ መስማት የተሳናቸው ተመልካቾች ግን ወዲያው አወቁ። ሐኪሙም አንቺን ሲያይ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

በምትኩ ዛሬውኑ አብራችሁ ለጤና ተቋሙ አስተርጓሚ እንዲያዘጋጅ ጠይቁ፤ ቀኑ እስኪደርስ አትጠብቁ። ካልተገኘ ሕመሟን ቤት ሆና በጽሑፍ ታዘጋጅ፣ ከሐኪሙ ጋር ፊት ለፊት በጽሑፍ ይነጋገሩ፤ የመድኃኒቱ አወሳሰድም በጽሑፍ ይሰጣት። አንቺ እንደ ጓደኛ አብረሻት ሂጂ፤ ስሟ ሲጠራ ንገሪያት፤ ፈቅዳ ካስገባችሽም ሐኪሙ ወደ አንቺ ዞሮ «በያት» ሲልሽ ወደ እሷ እንዲዞር አመልክቺው። ይህ ለታቀደ ቀጠሮ ነው። በድንገት ብትወድቅና አጠገቧ አንቺ ብቻ ብትኖሪ የምታውቂውን ሁሉ ተጠቀሚ፤ ያኔ ግማሽ መልእክትም ከምንም ይሻላል።

እምቢታሽ ግን በጽሑፍ መልእክት አይሁን። ተቀምጠሽ ፊቷን እያየሽ «ቋንቋሽን ገና አልያዝኩም፤ ብሳሳት የምትጎጂው አንቺ ነሽ» በያት፤ «አልያዝኩም» ስትዪ ራስሽን ግራና ቀኝ መነቅነቅ አትርሺ። ድምፅም አታውጪ።